የጋዜጣ ፍርድና የፊልም ይግባኝ

የታሪክ ሰው ያለፈውን ዘመን ልማድና ስሜት ለማወቅ ሲነሣ ከሚመረምራቸው ጽሑፎች አንዱ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ግን ሁለት ዓይነት ነገር ይነግረዋል። አንደኛው የሆነው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሆነው ነገር በዚያው ሰሞን የተሰጠው ፍርድ ነው። የመጀመሪያውን ከሌላ ምስክር ጋራ አስተያይቶ ማረም ይቻላል። ሁለተኛው ግን ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዋጋው አይቀንስም፤ እንዲያውም ሰዎች በዚያን ጊዜ ምን እንደ ወደዱ፣ ምን እንዳስቀየማቸው፣ ምንንስ እንደ ፈሩ አብልጦ የሚገልጸው የተሳሳተው ፍርድ ነው። ስለ ፊልም በጋዜጣ የተጻፈው ሒስ ለዚህ ዓይነት ምርመራ የተመቸ ነው። አንድ ዘፈን ወይም አንድ ቲያትር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲታይ ተጫዋቹም ድምፁም አዳራሹም ሌላ ነው። ፊልም ግን ያው ፊልም ነው፤ ያን ጊዜ የፈረደው ሐያሲ በሕይወት ከቈየም ያንኑ ነገር ሽበት አውጥቶ ዳግመኛ ሊያየው ይችላል። የተፈረደበት ነገር ሳይለወጥ ፍርዱ ብቻ ሲለወጥ ማየት በሌላ ጥበብ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ሲባል ግን ፊልም ከቶ አይለወጥም ማለት አይደለም። ዣን ሬኗር በ1939 በፓሪስ ያሳየው «የጨዋታው ሕግ» ተመልካቹ ስለ ጮኸበት ተቈራረጠ፤ በዚያው ዓመት በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ፤ ኔጋቲቩም በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ድብደባ ጠፋ። ከቅሪቶቹ ተገጣጥሞ እንደ ገና የታየው በ1959 ነው። በ1939 የሰደቡትና በ1959 ያመሰገኑት ሰዎች ያዩት አንድ ነገር ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገርላቸው ፊልሞች ከሞላ ጐደል ሳይነኩ የቈዩት ናቸው። ቦታውም ለንደንና ኒው ዮርክ ነው፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል።

በነዚህ ሁለት ከተሞች ስለ ፊልም በጋዜጣ መጻፍ የተከበረ ሥራ ሆኖ የተቈጠረው ቀስ በቀስ ነው። የቲያትርና የሙዚቃ ሐያሲ በጋዜጣ ቤት ውስጥ የታወቀ ወንበር በነበረው ጊዜ ፊልም የተራ ሕዝብ መዝናኛ ተብሎ ይናቅ ነበር። ሲ. ኤ. ሌዠን የምትባለው እንግሊዛዊት በ1922 በ«ማንችስተር ጋርዲያን»፣ ከ1928 ጀምሮም በ«ኦብዘርቨር» ላይ በየሳምንቱ በመጻፍዋ ይህ ንቀት በእንግሊዝ አገር እየቀነሰ ሄደ። ዲሊስ ፓዌል በ«ሰንዴይ ታይምስ» የፊልሙን ዐምድ የያዘችው በ1939 ነው፤ ወደ አርባ ዓመት ያህል ሳትለቀው ቈይታለች። በኒው ዮርክ ያሉት የጋዜጣ ሐያስያን በ1935 ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ የሚበልጠውን ፊልም መምረጥ ጀመሩ። በ1940 ደግሞ ቦስሊ ክራውተር በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ዋና የፊልም ሐያሲ ሆነ። የዚህ ሰው አንድ ዐምድ ከውጭ አገር የመጣ ፊልም በኒው ዮርክ እንዲቈይ ወይም በሳምንቱ እንዲነሣ ለማድረግ የሚበቃ ኀይል ነበረው።

ኀይላቸው ይህን ያህል ሲሆን የሥራቸው አኳኋን ግን ለዳኝነት የተመቸ አልነበረም። ሐያሲው ፊልሙን የሚያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተጠራጠረውን ቦታ መልሶ የሚመለከትበት ዘዴ የለውም፤ በጨለማ ውስጥ በእርሳስ የጫረውን ማስታወሻ ይዞ ይወጣል፤ ጽሑፉንም ማተሚያ ቤቱ በወሰነለት ሰዓት ያደርሳል። መጽሐፍ የሚተች ሰው ገጹን ወደ ኋላ ይገልጣል። ቅኔ በሚዘረፍበት ማኅበር እንኳ ሰሚው ያመለጠውን ቃል አስደግሞ ሊሰማ ይችላል። የጋዜጣው ሐያሲ ይህ ፈቃድ አልነበረውም። ፊልሙም የተወሰነለትን ሳምንት ካሳለፈ በኋላ ወደ አከፋፋዩ መጋዘን ይገባና ከሰው ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍርድ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ሆኖ ይቀር የነበረው ሐያሲው እልኸኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ይግባኝ የሚሰማበት ችሎት ስላልነበረ ነው።

ይህ አስተያየት ለውግዘት ብቻ ሳይሆን ለምስጋናም ይሠራል። ኦርሰን ዌልስ በሃያ አምስት ዓመቱ የሠራው «ሲቲዝን ኬን» በግንቦት 1941 በኒው ዮርክ ሲታይ ክራውተርም ሌሎቹም ሐያስያን እጅግ አመሰገኑት፤ ማኅበራቸውም የዓመቱ ምርጥ ፊልም አድርጎ መረጠው። በፊልሙ የተነካው ባለ ብዙ ጋዜጣው ዊሊያም ራንዶልፍ ሐርስት ግን ፊልሙ በጋዜጦቹ ላይ ማስታወቂያ እንዳይወጣለት ከለከለ፤ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም ፈርተው አላሳዩትም። ፊልሙ ለዘጠኝ የኦስካር ሽልማት ታጭቶ ያገኘው አንድ፣ ያውም ለድርሰቱ ብቻ ነው፤ አሠሪው ኩባንያም ከሰረበት። ከዚያ በኋላ ምስጋናው በጋዜጣ መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ፤ ፊልሙም ተረሳ። በፈረንሳይ አገር ዣን ፖል ሳርትር ፊልሙን አሜሪካ አይቶ በ1945 አቃልሎ ጻፈበት፤ በ1946 በፓሪስ ከታየ በኋላ አንድሬ ባዛን ተከራከረለት። በአሜሪካ ግን ከመጋዘን ያወጣው የሐያሲ ብዕር አይደለም። አሠሪው ኩባንያ የአርኬኦ ፊልሞች በ1950ዎቹ አጋማሽ ለቴሌቪዥን ሲሸጡ አብሮ ስለ ተሸጠ ነው። በ1952 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ሐያስያንን ሰብስቦ ምርጥ አሥር ፊልሞችን ሲያስመርጥ «ሲቲዝን ኬን» ከአሥሩ ውስጥ አልገባም ነበር። አንደኛ የሆነው ከተሠራ አራት ዓመት የሆነው የቪቶርዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። በ1962 ግን «ሲቲዝን ኬን» አንደኛ ወጣ፤ በዚያም ወንበር እስከ 2012 ምርጫ ድረስ ተቀመጠ። በነዚህ ዐሥር ዓመታት መካከል የተለወጠው የሰው ጣዕም ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ፊልሙ ተገኘ፤ የተገኘም ነገር ዳግመኛ ይታያል።

የውግዘቱ ታሪክ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ማይክል ፓዌል ከኤመሪክ ፕረስበርገር ጋራ ሆኖ በ1940ዎቹ ብዙ ዝነኛ ፊልሞችን የሠራ የእንግሊዝ አዘጋጅ ነበር፤ በ1948 የወጣው «ቀይ ጫማዎች» በብዙ አገር ታይቶለታል። (ከሐያሲዋ ከዲሊስ ፓዌል ጋራ የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ ማይክልና ዲሊስ እየተባሉ ይጠራሉ።) ማይክል ከፕረስበርገር ከተለየ በኋላ በ1960 ጸደይ «ፒፒንግ ቶም» የተባለውን ፊልም አወጣ። ስሙ በእንግሊዝኛ በቀዳዳ ሰርቆ የሰው ምሥጢር የሚያይ ሰው ማለት ነው። ታሪኩን የጻፈው በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ሰላዮች የምሥጢር ጽሕፈት ያዘጋጅ የነበረው ሊዮ ማርክስ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ወጣት በፊልም ሥራ ቤት የካሜራ ረዳት ነው። አባቱ የፍርሃትን ነገር የሚያጠና ሊቅ ስለ ነበረ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያስፈራራ በካሜራ ይቀርጸው ነበር። ልጁም ሲያድግ ሴቶችን በካሜራው እግር ላይ ባበጀው ስለት እየገደለ፣ ሲሞቱ የሚታይባቸውን ፍርሃት ይቀርጻል። በካሜራው ላይም መስተዋት አድርጎበታል፤ ሟቿ የገዛ ፊቷን እያየች ትሞት ዘንድ። ማይክል የአባትየውን ቦታ ራሱ ተጫውቶ፣ የሕፃኑን ቦታ ለገዛ ልጁ መስጠቱ ነገሩን አባሰው።

የለንደን ጋዜጦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተባብረው ተነሡ። የ«ትሪቢዩን» ጸሐፊ ፊልሙን በአካፋ ዝቆ በቅርብ ወደሚገኘው የፍሳሽ ቦይ ከመጣል በቀር ሌላ መፍትሔ እንደሌለው አሳሰበ። ሌዠን በ«ኦብዘርቨር» ላይ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያስጸየፋት ፊልም እንደሌለ ጻፈች። ዲሊስም በበኩልዋ የክፋት ሥራ ነው ብላ ፈረደችበት። እነዚህ የስድብ ጋዜጣ ጸሐፊዎች አይደሉም፤ ሁለቱ ሴቶች የተከበሩ፣ ጽሑፋቸው በትሕትናና በለዘብታ የታወቀ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የሚጠየቀው ለምን ተሳሳቱ ተብሎ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ቃል ከነዚህ ሰዎች አፍ ያወጣው ምንድር ነው ተብሎ ነው።

አንዱ ምክንያት ከጦርነቱ ዘመን የተወረሰ ነው። በ1940ዎቹ የእንግሊዝ ሐያስያን የአገራቸውን ፊልም ያመሰገኑት እውነተኛውን ኑሮ ስለሚያሳይ፣ ስሜቱንም ስለሚገታ ነበር፤ ለነርሱ መልካም ፊልም ማለት የመልካም ጠባይ ምስክር ማለት ነበር። የማይክል ፊልም ደግሞ ከመጀመሪያውም በቀለም የደመቀ፣ ከተራ ኑሮ ይልቅ ለሕልም የቀረበ ስለ ነበረ ሁልጊዜ በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ሐያሲው ራሱን የሕዝብ ጠባቂ አድርጎ መቍጠሩ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «ሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ የለንደን ጋዜጦች በ1960 የጻፉት ከዚህ ስያሜ ብዙ የራቀ አልነበረም። ብቻ የአዲስ አበባ ሰው የጠረጠረው ቤቱን በሞላው ነው፤ የለንደን ሐያስያን ግን በቤቱ ውስጥ ዕድሜያቸውን ከጨረሱ በኋላ አንዱን ክፍል ረገሙት። ሦስተኛው ምክንያት እምብዛም አይነገርም እንጂ ከሁሉ የጠለቀው ሳይሆን አይቀርም። ፊልሙ የሚከሰው ነፍሰ ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ በጨለማ ተቀምጦ የሰው መከራ ማየት የሚወደውን ሁሉ ነው። ይህን ማየት የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው ክሱ በስሙ የተጻፈ መስሎት ቢቈጣ አያስገርምም።

የነፍሰ ገዳዩን ቦታ የተጫወቱት ካርል ሃይንትስ ቡም ነበሩ። አባታቸው የታወቁት የሙዚቃ መሪ ካርል ቡም ሲሆኑ፣ እርሳቸው ራሳቸው ከ1955 እስከ 1957 በወጡት የ«ሲሲ» ፊልሞች ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው በመጫወታቸው የጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ወዳጅ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱን ሆኖ ያየው ሕዝብ ነፍሰ ገዳይ ሆነው ሲያያቸው አልተቀበላቸውም። የኢትዮጵያ አንባቢ እኒህን ሰው የሚያውቃቸው ግን በሌላ ሥራ ነው፤ በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» ማለት የሆነውን የርዳታ ድርጅት መሥርተው፣ በረኀብ የተጐዳውን ሕዝብ እየረዱ፣ በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት የተሰጣቸው፣ በአዲስ አበባም በስማቸው አደባባይ የተሰየመላቸው አቶ ካርል እርሳቸው ናቸው።

በማይክል ላይ የደረሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል። ጋዜጦቹ አንድን ታላቅ አዘጋጅ በአንድ ሳምንት ገደሉት የሚለው አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። ዝናው ከዚያ በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በ1961 በእንግሊዝ አገር፣ በ1966ና በ1969 ደግሞ በአውስትራልያ ፊልም ሠርቷል። ነገር ግን ውግዘቱ አከፋፋዮቹን አስደንግጦ ፊልሙ ቶሎ ከሲኒማ ቤት እንዲነሣ ማድረጉና ማይክልም በገዛ አገሩ ሥራ እያጣ መሄዱ የማይካድ ነው። ሐያሲ ብቻውን ሰው አይገድልም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ሲፈራ ግን የሐያሲው ቃል እንደ ማዘዣ ያገለግላል።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ይህን ለመመዘን ይረዳል። አልፍሬድ ሂችኮክ ደግሞ የአእምሮ በሽታ ስላለበት ነፍሰ ገዳይ የሚናገረውን «ሳይኮ» በሰኔ 1960 በኒው ዮርክ ሲያወጣ፣ ለሐያስያን አስቀድሞ አላሳየም፤ ከሕዝቡ ጋራ ተሰልፈው እንዲያዩት አደረገ። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላም ማንም ሰው እንዳይገባ አዘዘ። ይህን ያደረገው ከማይክል መከራ ተምሮ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ግምት ነው። የሐያስያኑ የመጀመሪያ ቃል ለ«ሳይኮ»ም የሚያስደስት አልነበረም። ሌዠን ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች፤ በዚያው ዓመትም ሥራዋን ለቀቀች። ክራውተር በሰኔ ወር ቀዝቀዝ ባለ ቃል ነቀፈው። ሕዝቡ ግን በየሲኒማ ቤቱ ደጅ ተሰለፈ። በታኅሣሥ ክራውተር የዓመቱን ምርጥ አሥር ፊልሞች ሲዘረዝር «ሳይኮ»ን ከአሥሩ አንዱ አድርጎ ጻፈው። በሰኔና በታኅሣሥ መካከል በፊልሙ ላይ የተለወጠ አንዲት ሥዕል እንኳ የለም። «ሳይኮ» ሕዝብ ጠበቃ ሆኖ ስለ ቆመለት ይግባኙ በስድስት ወር ተሰማ፤ «ፒፒንግ ቶም» ጠበቃ ስላልነበረው ወደ ሃያ ዓመት ጠበቀ።

ክራውተር በ1960 የሕዝቡን ድምፅ ሰምቶ ፍርዱን ለማሻሻል የቻለውን ያህል በ1967 አልቻለም። በዚያ ዓመት አርተር ፔን ያዘጋጀው «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» የሁለት ባንክ ዘራፊዎችን ታሪክ ሳቅና ደም ቀላቅሎ አቀረበ። ክራውተር በነሐሴ ወር በተከታታይ ጽሑፎች አወገዘው። የጋዜጣው አንባቢዎች በደብዳቤ ተቃወሙት፤ እርሱም መልሶ ጻፈ። በ«ኒውስዊክ» ላይ ይጽፍ የነበረው ጆ ሞርገንስተርን ደግሞ ፊልሙን ከነቀፈ በኋላ ከሕዝብ ጋራ ተቀምጦ ዳግመኛ አየው፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተሳስቼ ነበር ብሎ በዚያው መጽሔት ላይ ጻፈ። በጥቅምት ፖሊን ኬል በ«ኒው ዮርከር» ላይ ረጅም መከላከያ አወጣች። «ታይም» መጽሔትም አስቀድሞ የነቀፈውን ፊልም በታኅሣሥ በሽፋኑ ላይ አወጣው። ፊልሙ ለአሥር የኦስካር ሽልማት ታጨ፤ ሁለት አገኘ። በ1968 መጀመሪያ የክራውተርን ወንበር ሬናታ አድለር ያዘች። ከሃያ ሰባት ዓመት ሥራ በኋላ የተነሣበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ዘመኑ እንዳለፈበት ምልክት ተደርጎ ተወስዷል።

ይሁንና ክራውተርን የዘመኑ መሳቂያ አድርጎ ማቅረብ በደል ነው። የሮሰሊኒ «ተአምር» በኒው ዮርክ በሃይማኖት መድፈር ተከሶ በ1951 ሲታገድ በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ እርሱ ነበር፤ በ1952ም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፊልም እንደ ጽሑፍ የመናገር ነጻነት እንዳለው ፈረደ። የጣልያን ፊልሞች በአሜሪካ ተመልካች እንዲያገኙም ብዙ ደክሟል። እንግዲህ በ1967 ያሰናከለው ከ1952 የተለየ ጠባይ አይደለም። ፊልም ለሕዝብ ኀላፊነት አለበት የሚለው እምነቱ ያን ጊዜ ሳንሱርን ለመዋጋት ጋሻ ሆነው፤ በኋላ ደግሞ ያው እምነት ዓይኑን ጋረደው። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። የቬትናም ጦርነት በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚታየው ወጣት፣ በፊልም ላይ የሚፈስሰው ደም ያለ ምክንያት የፈሰሰ መስሎ አልታየውም።

የምርጫ ሰንጠረዥ እያዩ የዘመን ጣዕም ተለወጠ ብሎ ለመናገር የሚቸኩል ሰው ዳኞቹ እነማን እንደ ነበሩ መቍጠር አለበት። ሂችኮክ በ1958 ያወጣው «ቨርቲጎ» ሲወጣ አንዳንዶች ረጅምና የማይታመን ነው ብለውት ነበር፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ዐሥር ዓመት ከገበያ ተነሥቶ ቈየ፤ በ2012 በ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ምርጫ «ሲቲዝን ኬን»ን አስለቅቆ አንደኛ ሆነ። በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» የተባለው የ1975 ፊልም አንደኛ ወጣ። በ2012 ድምፅ የሰጡት 846 ሲሆኑ በ2022 ግን 1,639 ነበሩ። ሸንጎው በእጥፍ ሲሰፋ ፍርዱ ቢለወጥ ያው ሰው አሳቡን ለወጠ ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ገባ ማለት ነው። ያው ሰው አሳቡን መለወጡ የሚታየው በሌላ ቦታ ነው።

«ፒፒንግ ቶም» በ1970ዎቹ በጥቂት የፊልም ወዳጆች ማኅበር እየታየ ቈይቶ፣ በአሜሪካዊው አዘጋጅ በማርቲን ስኮርሴዚ ርዳታ በ1979 በኒው ዮርክ የፊልም በዓል ላይ ቀረበ። አዲሶቹ ሐያስያን የ1960ውን ውግዘት ያነበቡት እንደ ተረት ነበር፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ሕፃናት ስለ ነበሩ የሚመልሱት ቃል አልነበራቸውም። ከፈራጆቹ መካከል በሥራ ላይ የቈየችው ዲሊስ ናት። የሲኒማ ቤቱን ዐምድ ከለቀቀች በኋላ በቴሌቪዥን ስለሚታዩት ፊልሞች በዚያው በ«ሰንዴይ ታይምስ» መጻፍ ቀጥላ ነበር። ቴሌቪዥን የተጣለውን ሁሉ መልሶ ያመጣልና በ1994 «ፒፒንግ ቶም» በፊትዋ ቆመ። ዲሊስ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የጻፈችውን አልሸሸገችም፤ ፊልሙ ታላቅ ሥራ መሆኑን እንዳመነች፣ በወዲያኛው ዓለምም መነጋገር የሚፈቀድ ከሆነ ማይክልን ፈልጋ ይቅርታ መጠየቅ ግዴታዋ እንደሚሆን ጻፈች። ይህን ስትጽፍ ዕድሜዋ 92 ነበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። ማይክል የሞተው በ1990 ነው።